ከኮፈኑ ሥር ሦስት ነጥብ

ከመካኒክነት ጡረታ የወጣሁት አምና ነው። የመጨረሻ ሥራዬ ደሴ ውስጥ አንድ ጋራዥ ነበር። እዚያ ታዲያ በስተመጨረሻ መኪና ሲገባ መጀመሪያ የሚጠጋው መካኒክ መሆኑ ቀረና የእጅ ስልክ የምታክል መሣሪያ ሆነች። ገመዷን ከመሪው ሥር ይሰኩና ቁልፍ ይጫናሉ። እሷም አንድ ፊደልና አራት ቁጥር ትጽፋለች። ልጆቹ ቁጥሩን ፈልገው "ይሄ ነው ችግሩ" ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ናቸው። አንዳንዴ ግን ቁጥሩ የጠቆመውን ዕቃ ሦስት ጊዜ ለውጠውም መኪናው እንደ በፊቱ ያስላል። ያኔ "እስቲ አባባ ይምጡ" ይባላል። ሄጄ አንድ የላላ ሽቦ አገኛለሁ፤ የዚያን ቀን ምሳዬ በእነሱ ነው።

በመሣሪያዋ አልቀናም። ዕድሜ ልኬን ናፍታ ያሸተትኩበት አፍንጫዬ ዛሬ ቅቤና ዘይት መለየት ተስኖታል፤ እሷ በወጣትነቴ ኖራ ቢሆን ደስ ባለኝ። ነገር ግን የጥፋት ቁጥር የዛሬ ሰው ፈጠራ ነው ሲሉኝ እስቃለሁ። በደርግ ዘመን ሐይቅ ከተማ ውስጥ እኔ ሥራ የለመድኩበት ጋራዥ የራሱ የጥፋት ቁጥር ነበረው። ያወጡት ሰው ፊደል አልቆጠሩም።

የተወለድኩት አምባሰል፣ ከውጫሌ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። አምባሰል ሲባል ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው። እኔ ድምፅ የለኝም፤ የተሰጠኝ ጆሮ ብቻ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የሞተር ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነበር። አለቃችን የቡሎን ቁልፍ ሲያቀብሉት ቁጥሩን ከተሳሳቱ መልሶ ወደ አቀባዩ የሚወረውር ሰው ነው። በስድስት ወር ውስጥ የቁልፍ ቁጥር ከሩቅ በዓይኔ መለየት ቻልኩ፤ አስተማሪዬ ፍርሃት ነበር። ከዚያ ኮምቦልቻ የዘጠኝ ወር ሥልጠና ገብቼ ፎቶዬ የተለጠፈበት ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። በዚያ ወረቀት ነው ሐይቅ ወደ አያ ይማም ጋራዥ የመጣሁት። ደሞዙ ለላጤ ይበቃል።

አያ ይማም ያኔ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ከአንገታቸው ጎንበስ ያሉ ሰው ነበሩ። ምስክር ወረቀቴን ተቀብለው ገለበጡት፣ አቀኑት፣ ከብርሃን ላይ ያዙት።

"ማሻአላህ፣ ፎቶው አንተን ይመስላል" አሉና መለሱልኝ።

ጋራዡ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራ የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ከበሩ ላይ ሐይቁ ይታያል። የምንሠራው ሁለታችን ብቻ ነን። አውቶቡስም ሆነ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ከተኛ ወደ እኛ ይጎተታል። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚያ ዘመን መካኒክ ማለት የሌለውን ዕቃ ካለው ዕቃ የሚፈልቅቅ ሰው ማለት ነው።

ሹፌር ሲመጣ አያ ይማም ኮፈን ለመክፈት አይቸኩሉም። ሹፌሩ "ፖምፓው ነው፣ ናፍታው ነው" እያለ ሲያወራ ዝም ብለው ይሰሙና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ።

"መጨረሻ ደህና የነበረው የት ላይ ነው?"

መቼ አይሉም፤ የት ነው የሚሉት። ሹፌር ሰዓት ይሳሳታል፣ ቦታ ግን አይረሳም። "መርሳን እስክወጣ ደህና ነበር፤ ውርጌሳ ላይ ነው መንተፋተፍ የጀመረው" ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ መንገዱን በልባቸው ያውቁታል፤ የት ዳገት፣ የት አቧራ፣ የት ወንዝ እንዳለ ያሰላሉ። አቧራው ላይ ከሆነ አየር፣ ዳገቱ ላይ ከሆነ ናፍታ ወይም ውሃ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው አንድ ክንድ የምታህል የወይራ ዘንጋቸውን ያመጣሉ። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፈው ሌላውን ጫፍ ይነክሱታል። ድምፁ በጥርሳቸው በኩል ወደ ራሳቸው ይገባል። የናፍታ ቧንቧዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ እያላሉ መልሰው ያጠብቃሉ። ቧንቧው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ፒስተን እየሠራ ነው፤ ካልተለወጠ በሽተኛው እሱ ነው። ይህን ብልሃት እስከ መጨረሻው ቀን ሠርቼበታለሁ።

የጥፋት ቁጥራቸው ከኮፈኑ ሥር ነበር። መኪና ሲጠግኑ ኮፈኑን በውስጥ በኩል በጨርቅ ጠርገው በነጭ ቀለም ነጥብ ያደርጉበታል። አንድ ነጥብ ናፍታ ነው፣ ሁለት አየር፣ ሦስት ውሃ፣ አራት ዘይት፣ አምስት ኤሌክትሪክ። ከነጥቦቹ ሥር መስመር ካለ ጥገናው ጊዜያዊ ነው፤ ዕቃው እስኪለወጥ አይታመን ማለት ነው። መኪናው ከዓመት በኋላ ቢመለስ ኮፈኑን ከፍተው እንደ ሐኪም ካርድ ያነቡታል። እኔ በዚያ አፍር ነበር። በሥልጠና ቤት ደብተር አያያዝ ተምሬአለሁና ለእያንዳንዱ መኪና ገጽ ከፍቼ በቀይና በሰማያዊ እጽፋለሁ። ነጥቡን ፊደል ላልቆጠረ ሰው የተተወ ነገር አድርጌ ነበር የማየው።

ሌላው ልማዳቸው "ማን" የሚለውን አለመጥራት ነው። የዚያ ዘመን ባለሥልጣን መኪና ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ማን አበላሸው?" ብሎ ነው። የመንግሥት መኪና ከተበላሸ አሻጥር ሊሆን ይችላላ! ቅጹም የጥፋቱን ባለቤት ስም የሚጠይቅ ቦታ ነበረው። አያ ይማም ግን ማን ቢጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው።

"ብረቱ ምን እንደሆነ ነግሮኛል ጌታው። ስለ ሰው ያወራኝ ነገር የለም።"

አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። እሳቸው ለሁለቱም ሻይ ያዛሉ።

አሁን ወደማልወደው ታሪክ ልግባ።

በትልቁ ድርቅ ጊዜ ነው። በእኛ መንገድ የእርዳታ እህል የጫነ መኪና ቀን ከቀን ይመላለሳል። አያ ይማም እህታቸው አርፋ ለሐዘን ወደ አምባሰል ገጠር ሄዱ። ሲሄዱ ማኅተማቸውን ሰጡኝ። መፈረም ስለማይችሉ ከጋራዡ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በስማቸው በተቀረጸች በዚያች ማኅተም ነበር የሚወጣው።

"የዕቃ መጠየቂያ ከመጣ ምታበት። አብሽር፣ ሥራውን ታውቀዋለህ" አሉኝ።

በሄዱ በማግስቱ እህል የጫነ መኪና ተጎትቶ መጣ። ሹፌሩ በላይ የሚባል የሐይቅ ሰው ነው፤ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። መኪናውን ከሌላ ሹፌር ከተረከበ ገና ሦስት ሳምንቱ ነበር።

"ወንድሜ፣ ውሃውን ጠዋት ራሴ ነኝ እስከ አፉ የሞላሁት" አለኝ። "ዳገቱ ወገብ ላይ ሽታ ሸተተኝ። ወዲያው ነው ያጠፋሁት።"

ራዲያተሩን ከፈትኩት፤ ደርቋል። ኮፈኑን አውልቄ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩትና የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን ፈታሁ። ተሰንጥቋል። ውሃ የለም፣ ሞተሩ ነዷል፣ ሹፌሩ ሞልቻለሁ ይላል። በላይ ዋሽቷል ብዬ ወሰንኩ። ደብተሬ ላይ ንጹሕ አድርጌ ጻፍኩት፤ በቀይ አሰመርኩበትም።

በሦስተኛው ቀን የመኪናው ባለቤት ከሆነው መሥሪያ ቤት አንድ ኃላፊ ከካድሬ ጋር መጣ። በላይ ቤቱ ደርሶ ሊመለስ ወጣ ብሎ ነበር። ኃላፊው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣

"ሕዝብ በረሃብ እያለቀ እህል ሦስት ቀን ቆመ። ማን ነው ተጠያቂው?" አለኝ።

አያ ይማም ቢኖሩ ሻይ ያዙ ነበር። እኔን ግን እንደ አዋቂ የጠየቀኝ ሰው ስላገኘሁ ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከሁሉ በላይ ያ ደስታ ነው። በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ "ሹፌሩ ያለ ውሃ በማሽከርከሩ የደረሰ ጥፋት" ብዬ ጻፍኩና ማኅተሙን መታሁበት። በላይን ከቤቱ ወሰዱት። ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ትልቋ በመንገዱ እየሮጠች እስከ ጋራዡ በር ድረስ ተከተለችው።

አያ ይማም ከሐዘን የተመለሱት ከዚያ በሁለተኛው ቀን ነው። መኪናውን አዩት። ጨርቅ ናፍታ ውስጥ ነክረው ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ኮፈን ሄዱና ጥላሸቱን ጠረጉት። ሦስት ነጥብ ወጣ። ከሥሩ መስመር አለበት።

ከዚያ ወደ ሞተሩ መጥተው የውሃው ፖምፓ ዘንግ የሚያዞረውን ማራገቢያ በሁለት ጣት ያዙና ነቀነቁት። እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ተንገዳገደ። ከውሃው ፖምፓ ጀምሮ እስከ ታች ውሃ የተረጨበት ነጭ ዱካ ይታያል። እኔ አምስት ቀን ሙሉ ከፊቱ ቆሜ አላየሁትም።

"ማራገቢያውን ነቀነቅከው?"

"አልነቀነቅኩትም፣ አያ።"

"ኮፈኑንስ ጠረግኸው?"

"እሱንም አልጠረግኩትም።"

እኔ ዕቃ ፍለጋ ኮምቦልቻ በሰነበትኩበት ጊዜ ያ መኪና ፖምፓው ሞቶ መጥቶ ኖሯል። መለዋወጫ ስላልነበረ አያ ይማም ከአሮጌ የቧንቧ ነሐስ ቀለበት ሞርደው ገጠሙለትና "ይህ ለጊዜው ነው፤ ፖምፓው ሳይለወጥ ጭኖ ዳገት እንዳይወጣ" ብለው ለመሥሪያ ቤቱ ላኩት። የሰማቸው የለም። መኪናውን እህል ጭነው ለበላይ ሰጡት፤ ለእሱም የነገረው የለም። ቀለበቱ ዳገቱ ላይ አለቀና ውሃው ፈሰሰ። በላይ እንዳለው ውሃውን ሞልቶ ነበር።

"ምን ብለህ ነው የጻፍከው?" አሉኝ።

ከቅጂው ላይ አነበብኩላቸው። ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር። ስጨርስ "ማኅተሜን አምጣ" አሉ። ሰጠኋቸው፤ በመሐረባቸው ቋጥረው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ፖምፓውን ፈትተው በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ደሴ ሄዱ። እኔም አብሬ ልምጣ አላልኩም። ሁለት ዓይነት ቃል የሰጠ መካኒክ እሱ ራሱ አሻጥረኛ ይባላል፣ እኔንም ያስሩኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ቀን አስረው አሳደሯቸው። "ይህ ማኅተም የማን ነው?" ሲሏቸው "የኔ ነው" አሉ። "የፈሰሰው ከየት ነው?" ሲሏቸው "ከኔ ቀለበት" አሉ። "ታዲያ ሹፌሩ ነው ብሎ የጻፈው ማን ነው?" ሲሏቸው ማንንም አልጠሩም። ይህንን የነገረኝ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነው፤ እሳቸው ለእኔ የነገሩኝ "ፖምፓውን አሳየኋቸው" ብለው ብቻ ነው።

በላይ ከሦስት ወር በኋላ ተፈታ። መንጃ ፈቃዱን ግን አልመለሱለትም። ዳግመኛ መሪ ሳይጨብጥ ቀረ፤ ጀልባ ተጋርቶ ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ስለ ነገሩ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የይማም ነው፣ ያለቀውም ቀለበት የይማም ነው። ሁለቱን ገጠመና "የራሱን ጥፋት ሊሸፍን እኔን ሸጠኝ፤ ኋላ ሕሊናው ሲቆረቁረው መጣ" አለ። እውነቱን ለማያውቅ ሰው ይህ ትክክለኛ ምርመራ ነው።

ወደ ሐይቁ ሲወርድ በጋራዡ በር ነው የሚያልፈው። አያ ይማም በየቀኑ ከሥራቸው ቀና ይላሉ።

"በላይ፣ እንዴት ዋልክ? ቤተሰብ ደህና ነው?"

አይመልስም። በእኛ አገር የሞተበትም የከሰረም ሰላምታ ይመልሳል። ሰላምታ መንሳት ሰውየውን ከነሕይወቱ መቅበር ነው። እሳቸው በማግስቱ ደግመው ይላሉ፤ እሱም ደግሞ ዝም ይላል። እኔ ከመኪናው ሥር ተኝቼ እሰማለሁ።

አንድ ቀን አልቻልኩም።

"አያ፣ ልንገረው እንዴ?"

ቁልፋቸውን እየጠረጉ ቆዩ።

"እኔ ማን ብዬ አላውቅም፤ አሁንም አልልም" አሉ። "ማንን የሚናገር ባለቤቱ ነው።"

ከለከሉኝም፣ ላኩኝም ልል አልችልም። በሩን ክፍት ትተውልኝ ነበር፤ ያልገባሁበት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፈራሁ። ፍርሃቱ ሲወጣ ኀፍረቱ ገባ። ኀፍረት ደግሞ እንደ ዝገት ነው፤ በቆየ ቁጥር ቡሎኑን ያጣብቀዋል።

በዚያው ዓመት አያ ይማም መሠረተ ትምህርት ገቡ። ከዚያ በፊት ቀበሌው ስንት ጊዜ ለምኗቸው "ሥራ አለብኝ" ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከልጅ ልጆቻቸው እኩያ ጋር ተቀምጠው ሀ ሁ ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ ወረቀት ስሰጣቸው ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ፤ ሳይጨርሱ ማኅተሙን አይመቱም። ለምን እንደተማሩ አልነገሩኝም። የኮፈኑን ነጥብ ግን እስከ መጨረሻው አልተዉትም። እኔም ደብተሬን ትቼ ነጥብ ጀመርኩ።

አያ ይማም ያረፉት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ቀበራቸው። በላይ አልመጣም። እኔ ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ መቆየት አልሆነልኝም፤ ደሴ ገባሁ፣ ዕድሜዬንም እዚያው ጨረስኩ። ጥሩ መካኒክ ነበርኩ ይላሉ። በስንት ሞተር ላይ እንዳልተሳሳትኩ ይነግሩኛል።

ጡረታ ስወጣ ሐይቅ ተመለስኩ። ጓዜን ባራገፍኩ በሳምንቱ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ጋሽ በላይ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። አርጅቷል፤ ጣቶቹ ግን ቋጠሮውን ሳያይ ያገኙታል። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

"ጋሽ በላይ፣ የዚያን ጊዜውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"የቱን ወረቀት?"

"ያለ ውሃ ነዳ የሚለውን። አያ ይማም ለሐዘን ሄደው ነበር። ማኅተሙን የመታሁትም እኔ ነኝ።"

ጣቶቹ ቆሙ። መረቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"እሱ ያውቅ ነበር?"

"ያውቁ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"ማንን የሚናገር ባለቤቱ ነው ብለው።"

"ባለቤቱ አንተ ነህ።"

"አዎ።"

ይሰድበኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ለሁለቱም ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። እሱ ግን እኔን ማየት ትቶ ወደ መንገዱ፣ ድሮ ጋራዡ ወደነበረበት ወገን ተመለከተ።

"በየቀኑ ነበር እኮ ሰላም የሚለኝ" አለ። "ልጄ የታመመች ጊዜ ወተት ይዞ ደጄ ድረስ መጣ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት።" መረቡን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ወደ ጎን አደረገና፣ "መቃብሩን ታውቀዋለህ?" አለኝ።

ተነሥተን ሄድን። ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። መቃብሩ ላይ ሳር በቅሎበታል፤ ከራስጌው ድንጋይ ቆሟል። ባርኔጣውን አወለቀና በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"ደህና ነኝ፣ አያ ይማም። እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። "ቤተሰቡም ደህና ነው። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?"

ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ከቤቱ ደጃፍ ደርሶ ገባና በሩን ዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት በዚያው አለፍኩ። መረቡን ይዞ ተቀምጧል። "እንዴት አደርክ ጋሽ በላይ? ቤተሰብ ደህና ነው?" አልኩት። አልመለሰልኝም። ይኸው ስድስት ወር ሆነኝ፤ ቤቴ ከሐይቁ ሩቅ ነው፣ ጉልበቴም ያመኛል። በየቀኑ ግን እየሄድኩ ሰላም እለዋለሁ።